ሦስተኛው ጫማ

ታይዋን የሚሉት የከተማችን ገበያ ለልጅ ልጄ ሸሚዝ ልገዛ ገብቼ፣ ፀሐይ ያሞቀው የላስቲክ ጫማ ሽታ አፍንጫዬን ያዘው። ጫማ ሻጩ "አባባ፣ ቁጥርዎ ስንት ነው?" ይለኛል፤ እኔ ግን እዚያ የለሁም። ደቻቱ ወንዝ ዳር፣ አዴ ሞሚና ምንጣፍ ፊት፣ በአንድ እግሬ ቆሜያለሁ።

በደርግ ጊዜ ነው። ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ የእኔ፣ የጀማልና የተስፋዬ ሥራ የቁርቁራ ፍሬ መልቀም ነበር። ዛፎቹ የበቀሉት ከደረቁ ወንዝ መሃል፣ ከአሸዋው ጉብ ባለች መሬት ላይ ነው። ጎረቤታችን አዴ ሞሚና ፍየሎቿን ይዛ ከዳር ትቀመጣለች። እሷ ጋ ሕግ አለ፦ ወደ አሸዋው የሚወርድ ሁሉ አንድ ጫማውን ምንጣፏ ላይ ትቶ ይወርዳል፤ ሲመለስ ያነሣል።

"ለምን?" ብዬ ጠይቄያት ነበር።

"እዚህ ፀሐይ ነው፣ ደንገጎ ተራራ ላይ ግን ዝናብ ሊሆን ይችላል። ጎርፍ ሲመጣ እኔ ስም አልጠራም። ጫማ አያለሁ።"

በዚያ ዘመን ልጅ ወጥቶ ሲዘገይ እናት አትቀመጥም ነበር፤ አዴ ሞሚና ደግሞ የሰፈሩን እናቶች ጭንቀት ሁሉ ብቻዋን ተሸክማ የተቀመጠች ትመስለኛለች። እኔ ግን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። የላስቲክ ኮንጎ ጫማዬ ከቀበሌ ሱቅ በስንት ወረፋ የተገኘ ነው፤ ከጠፋ የአባቴ ቀበቶ አለ። ደግሞ በአንድ ባዶ እግር ቁርቁራ መልቀም! እሾሁ ላይ እንደ ቆሰለ ዶሮ ስዘል ጀማል በሳቅ ይሞታል።

ስለዚህ ብልጥ ሆንኩ። ብልጠቴ ዕድሜ ልኬን እንዲህ ነው፣ ከእግሬ ከፍ ብሎ አያውቅም። የወንድሜ ኮንጎ አንዱ እግር ከሰል ምድጃ ላይ ቀልጦ ሌላው ብቻውን ቀርቶ ነበር። እሱን ሸሚዜ ውስጥ ደብቄ አመጣሁና፣ እሷ ፍየሎቿን ልትመልስ ዞር ስትል ምንጣፏ ላይ አስቀመጥኩ። ከዚያ በሁለት ጫማ ተንደላቅቄ ጓደኞቼ የማይደርሱበት ጥሻ ገባሁ፤ ሸሚዜን ሞላሁ። በሁለት ጫማ እንዳልታይ ደግሞ ከላይ በኩል ዞሬ ከአሸዋው ወጣሁና ከአንድ ድንጋይ ጀርባ ተቀምጬ መብላት ጀመርኩ።

ያኔ ነው የሰማሁት። ከባድ መኪና ኮረት የሚገለብጥ የሚመስል ድምፅ፤ ቀጥሎ የእርጥብ አፈር ሽታ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው።

ከድንጋዩ በላይ አየሁ። ጀማልና ተስፋዬ ሮጠው ወጥተው ጫማቸውን አንሥተዋል። ምንጣፉ ላይ አንድ ጫማ ቀርቷል። አዴ ሞሚና ብድግ አደረገችው፣ ዱላዋን ያዘች፣ ወደ አሸዋው ወረደች።

"ግርማ! ኮቱ! አንተ ልጅ፣ ና ውጣ፣ ኮቱ!"

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። "እዚህ ነኝ!" ብዬ መጮህ ሲገባኝ፣ መጀመሪያ ያደረግኩት ጎንበስ ብሎ አንድ ጫማ ማውለቅ ነበር። ውሸቴ እንዳይታወቅ! ቀና ስል ቡናማው ውሃ ጉልበቷ ላይ ደርሷል። ያኔ ጮህኩ፤ ጎርፉ ግን ድምፄን በላው። ሮጥኩ፣ ቁርቁራው ከሸሚዜ እየተበተነ፣ ባዶው እግሬ እሾህ ላይ።

ስደርስ ጓደኞቼ በዱላዋ ጫፍ ጎትተው አውጥተዋታል። እስከ ወገቧ ርሳለች። ጫማውን ግን አልለቀቀችም። እኔን አየች፣ እግሬን አየች፤ አንዱ ጫማ አድርጓል፣ አንዱ ባዶ ነው። በእጇ ያለውን ከእግሬ ጋር አስተያየችው፤ በሁለት ጣት ይበልጣል።

"ወላሂ፣ አንተ ስንት እግር አለህ?"

ጀማል እንኳ አልሳቀም። ጆሮዬን ጨምድዳ ያዘችኝ፤ ከዚያ ጆሮዬን ሳትለቅ አቀፈችኝ። ልቧ ደረቴ ላይ ሲመታ ይሰማኝ ነበር።

ለአባቴ አልተናገረችብኝም። ከዚያ ወዲያ ግን ከሌሎቹ አንድ አንድ ስትቀበል፣ ከእኔ ሁለቱንም ነበር የምትቀበለው።

ዛሬ እሷም የለችም፣ ዛፎቹም የሉም። ቤቴ ሲመሽ በር ላይ የተደረደረውን ጫማ ሳልቆጥር አልቀመጥም። የልጅ ልጆቼ "አባባ ጫማ ጠባቂው" ይሉኛል፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። አንድ ጥንድ ሲጎድል ግን ሳቄ ይቆምና በሩ ላይ እቆማለሁ። ስም አልጠራም። ጫማ አያለሁ።