መንገድ ያልመጣበት ሜዳ

የዲጋው የቤት ሠሪዎች ማኅበራችን የመጀመሪያ ሊቀ መንበር አደ ዓባይነሽ ናቸው። በጤና ጣቢያው አዋላጅ ስለነበሩ ማዘዝ ያውቁበታል፤ የሰፈሩን ግማሽ አዋልደዋል፣ ግማሹን ደግሞ በቁጣ አሳድገዋል። አንድ ቀያሽ ዋናው መንገድ በመሐላችሁ ያልፋል ቢላቸው ሁላችንንም ሰብስበው፣ «ኢጆሌ፣ ልጆቼ፣ ቤቱ ሁሉ በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ይሠራ፤ በሩ ወደ መንገዱ ይዙር» አሉ። እሳቸውን ማን ይከራከራል? ሠራን። በመሐል ሰፊ ቦታ ትተን መንገዱን ጠበቅን።

መንገዱ በጓሯችን መጣ። እስከ ዛሬ ከባጃጅ የሚወርድ እንግዳ መጀመሪያ የሚያየው የሽንት ቤታችንን ጀርባ ነው። አደ ዓባይነሽ በዚህ ስንቀልድ አብረውን ይስቃሉ። በመሐል የቀረው ቦታ ግን ሣር አበቀለ፤ ልጅ ኳስ ይራገጥበታል፣ በርበሬ ይሰጣበታል፣ ለሠርግም ለሐዘንም ድንኳን ይተከልበታል።

ዘንድሮ ከከተማው አስተዳደር፣ አባላቱ ከተስማሙ ሜዳውን መከፋፈል ይችላሉ ተባለ። ሰፈሩ ፈነጠዘ። ቡና ነጋዴው ኦቦ ጂሩማ፣ እኛ ጂሩ የምንላቸው፣ ስብሰባ እስኪጠራ እንኳ አልጠበቁም፤ ደጃቸው ላይ ችካል ተከሉ። እኔም ብሆን የጎመኔ መደብ በዓይኔ ላይ መዞር ጀምሮ ነበር። እምቢ ያሉት አደ ዓባይነሽ ብቻ ናቸው።

«መንገዱን አሳስቻችኋለሁ» አሉን። «ለእናንተ ያተረፍኩት ነገር ቢኖር ይህ ሜዳ ነው። እሱን አትንኩብኝ።»

ማን ሰምቷቸው? ስብሰባው ለሰኞ ተቀጠረ።

ቅዳሜ የጂሩ ልጅ የኢቢሴ ሠርግ ነበር። ድንኳኑ እንደ ወትሮው ሜዳው ላይ ሆነ። ተካዮቹ ካስማ ቢያንሳቸው የጂሩን ችካል ነቅለው ገመዱን አሰሩበት። ጂሩን «በሬ ሆይ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» ማለት ይሄኔ ነው። ጎረቤቶቻችን እነ ሸዋጌጥ ወጡን ከየቤታቸው ይዘው ሲወጡ ሁለት እርምጃ አይሄዱም፤ ድንኳኑ ደጃቸው ነው። የቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን ሲጀምሩ ሜዳው ሞልቶ ሰው በየደጁ ቆሞ ያጨበጭብ ነበር። ኢቢሴ ስትሸኝ ከሁለቱም ረድፍ እልልታ ወጣ። ጂሩ መሐል ላይ ቆመው ያለቅሳሉ፣ ይስቃሉ። እንዲህ ደስ ያለኝን ሠርግ አላስታውስም።

ሰኞ ስብሰባው እንደተከፈተ ጂሩ ተነሡ።

«ገና ሁለት ሴት ልጆች ይቀሩኛል» አሉ። «ድንኳኑን የት ልትከል? አስፋልቱ ላይ?»

«ዱጋ ነው፣ እውነት ነው» አለ ሰዉ እየሳቀ።

ጂሩ ወደ አደ ዓባይነሽ ዞሩ። «አዮ፣ እናቴ፣ ሜዳው እንዳለ ይሁን።»

ይከፋፈል ብሎ እጁን ያወጣ አንድም ሰው አልተገኘም። አደ ዓባይነሽ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

«እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ሰፈር አንገቴን ቀና አድርጌ እሄዳለሁ» አሉ።

አንገታቸውን ደፍተው እንደኖሩ ያን ጊዜ ገባን።