የአባት ስም

ምክር ቤቱ ለሕፃናት አገልግሎት አዲስ ኃላፊ ሊመርጥ ነው። ጸሐፊዋ ዘርፉ ከተወዳዳሪዎቹ አንዱን ገና ከባጃጅ ሲወርድ በመስኮት አየችው። ኮፍያውን አውልቆ፣ "አካም ጅርቱ፣ አባ" ብሎ ጎንበስ አለና የሽማግሌውን ዘበኛ እጅ በሁለት እጁ ያዘ። የገጠር ሰው መሰላት።

በዚያ በአዳማ ሙቀት ኮቱን ሳያወልቅ፣ ጉልበቱን ገጥሞ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጠ። አንዱ የኮቱ ቁልፍ በሌላ ቀለም ክር ተሰፍቷል። ሻይ በብስኩት ስትሰጠው ግማሹን ብስኩት በሶፍት ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ።

"አሁን ለፈተና የገባችውም ሴት የአባቷ ስም እንደ እርስዎ ጫምሳ ነው። እህትዎ ናት እንዴ?" አለችው።

"አዎ። አንድ ማሳደጊያ ነው ያደግነው። በሩ ላይ ተጥለን ለተገኘነው ሁሉ ጋሽ ጫምሳ ስማቸውን ሰጡን።" ፈገግ አለ። "የማሳደጊያው ዘበኛ ነበሩ። እሷም ብታልፍ ሥራው ያው ከቤት አይወጣም።"

ተፈትኖ ሲሄድ በሩ ላይ እንደገና ጎንበስ አለ። ዘርፉ በመስኮቱ እያየችው፣ በየጠዋቱ በር የሚከፍቱላትን የእኚያን ሽማግሌ ስም ልታስታውስ ሞከረች። ለካ ጠይቃቸው አታውቅም።