የአቶ ይገዙ የአራተኛ ክፍል ውጤት

አቶ ይገዙ ደሴ ላይ ሃያ ሁለት ዓመት ሒሳብ አስተምረዋል። ዲቪ ደርሷቸው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከገቡ በኋላ ደግሞ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ቲኬት ይቆርጣሉ። በዚህ አያፍሩም። የሚያፍሩት በአንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ልጃቸው ስሂን የአስተማሪ ልጅ ሆና ሳለ ማንበብ አለመቻሏ።

ስሂን ያኔ አሥር ዓመቷ ነው። ቀልጣፋ፣ ተጫዋች፣ አንዴ የሰማችውን የማትረሳ ልጅ ናት። ወረቀት ላይ ስትደርስ ግን ፊደሎቹ ይምታቱባታል። ትምህርት ቤቱ የልዩ ፍላጎት መምህርት መደበላትና በቀን አንድ ሰዓት ለብቻዋ ታስነብባት ጀመር። አቶ ይገዙ ደሴ ሳሉ እንዲህ ያለውን ልጅ ኋላ ወንበር ላይ አስቀምጠው ይረሱት እንደነበር ራሳቸው ነግረውኛል። በልጃቸው ሲመጣ ግን አልተዋጠላቸውም። ስለዚህ የቤት ሥራዋን ይሠሩላት ጀመር።

መጀመሪያ ማገዝ ብቻ ነበር። አንድ ቃል ላይ ስትቆም ቃሉን ይነግሯታል፤ ሁለተኛው ላይ ስትቆም እርሳሱን ይቀበሏታል። ጥቂት ወር እንዳለፈ እሷ ቴሌቪዥን ታያለች፣ እሳቸው የልጅ ጽሑፍ እንዲመስል በግራ እጃቸው ይጽፋሉ። ጎረቤታቸው ነኝና ደረጃ ላይ ሲያገኙኝ፣ «ዛሬም አሥር ከአሥር!» ይሉኛል። ማን አገኘ ብዬ ጠይቄ አላውቅም።

በ2011 ትምህርት ሊዘጋ አንድ ወር ሲቀረው ትምህርት ቤቱ ጠራቸው። «ሚቲንግ አለብኝ፣ አስተርጉምልኝ» ብለውኝ አብሬ ገባሁ። ስሂንን ለብቻዋ የምታስነብባት መምህርት ወልዳ እቤቷ ነበረች። የተቀበለችን ልጅቷን በወረቀት ብቻ የምታውቅ ኃላፊ ናት። የቤት ሥራውን ክምር ዘርግታ፣ ስሂን እጅግ ስለተሻሻለች ከመጪው ዓመት ጀምሮ ልዩ እርዳታው እንደሚቆም አበሰረችን። ያቺ አንድ ሰዓት ከቀረች ልጅቷ ሠላሳ ልጅ መሃል ብቻዋን መቅረቷ ነው። አቶ ይገዙ ወደ እኔ ዞሩ።

«የሠራሁት እኔ ነኝ በላት» አሉኝ።

አልኳት። ፈገግ አለች። የኢትዮጵያውያንን ትሕትና በደንብ እንደምታውቅ፣ አባቶች ልጃቸውን ማመስገን እንደማይወዱ አስረዳችን። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

አቶ ይገዙ ስሂንን ከክፍሏ አስጠሩ። አንዱን የቤት ሥራ ፊቷ አስቀምጠው፣ «አንብቢላቸው» አሏት።

የመጀመሪያው ቃል ላይ ቆየች። ሁለተኛውን ጀምራ ተወችው። ሦስተኛው ላይ ወደ አባቷ ዞራ፣ «ዳዲ፣ ቴል ሚ» አለች። የገዛ እጃቸው ጽሑፍ ነው። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ።

«አላውቀውም፣ የኔ ልጅ» አሉ።

ስሂን ጣቷን ቃሉ ላይ መለሰችና ከመጀመሪያው ፊደል እንደገና ጀመረች። ኃላፊዋ ፈገግታዋ ጠፍቶ፣ በቃ፣ ገብቶኛል፣ እርዳታው ይቀጥላል አለችና ወረቀቱን ልትሰበስብ እጇን ዘረጋች። አቶ ይገዙ መዳፋቸውን ወረቀቱ ላይ ጫኑ።

«ጠብቂ በላት» አሉኝ። «ልጄ እያነበበች ነው።»