ፊት አልነሳኋችሁም

«ሰሚራ፣ ምን አድርጌሽ ነው ፊት የምትነሺኝ?»

ዛሬ እዚህ ደቡብ አፍሪካ፣ ካትሌሆንግ ሰፈር፣ ሱቃችን በር ላይ፣ ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ እንዲህ አሉኝ። ልጃቸው ልታገባ መሆኑን ሊያበስሩኝ ነበር የመጡት። እኔ ደግሞ ሻይ ልጠጣ ማስኬን አውርጄ ነበር፤ ፊቴ ንቅንቅ አላለም።

እስከ ዛሬ ማስኩ ሸፍኖልኝ ነበር። ኮሮና የዋለልኝ ብቸኛ ውለታ ይኼ ነው።

ሁለቱም ጉንጮቼ ደንዝዘዋል፤ ከንፈሬም አልታዘዝ ብሎኛል። ሐኪሟ እንዳለችኝ፣ የሰውነቴ መከላከያ የገዛ ነርቮቼን ጠላት መስለውት እያጠቃቸው ነው። ብዙ ሰው ላይ የማይታይ በሽታ ነው አሉ። ሕክምና ጀምሬያለሁ፤ ቀስ በቀስ ይሻልሻል ተብያለሁ።

(«ብርድ መቶሽ ነው» ልትሉኝ ያሰባችሁ፣ እናቴ በስልክ ቀድማችኋለች። ለጆበርግ የሐምሌ ብርድ ደግሞ ጠበቃ አልቆምም።)

«እትዬ፣ እርስዎን ፊት አልነሳሁዎትም» አልኳቸው። «ፊት የነሳኝ የራሴ ፊት ነው።»

እጃቸውን ሳኒታይዘር ቀብተው ጉንጬን ዳሰሱኝ። እጃቸው አልተሰማኝም፤ ዓይናቸው እንባ ሲሞላ ግን አየሁ።

«ምላስሽስ ደህና ነው?»

«ደህና ነው።»

«ታዲያ ለልጄ እልል በይልኛ!»

እልል አልኩ። ድምፁ አላማረም፣ ግን እልልታ ነበር። ዳቦ ልትገዛ የመጣች የዙሉ ደንበኛችን ምን እንደተገኘ እንኳን ሳትጠይቅ፣ ከማስኳ ሥር አብራን አስነካችው።

እናንተስ? ፊት ነሳን ብላችሁ የተቀየማችሁት፣ ኋላ ግን ታሞ ያገኛችሁት ሰው አለ? እስቲ አጫውቱኝ። ፈገግ ስል ባታዩኝም፣ ፈገግ ብያለሁ።