የእናቴ ወፎች ጀርባ

ዝናብ ሊመጣ ሲል ከአፈሩ የሚነሳው፣ ሱዳኖች «ዱዓሽ» የሚሉት ሽታ ዛሬም አፍንጫዬ ሥር ሽው ሲል፣ ካርቱም ዴም ሰፈር ውስጥ በተከራየናት አንዲት ክፍል ደጃፍ፣ በገመድ አልጋዋ ላይ በጀርባዋ ተንጋላ፣ ጨርቅ ከፊቷ በላይ ወጥራ ይዛ የምትጠልፈው እናቴ ድቅን ትልብኛለች።

እናቴ ዘይነብ ከወሎ መጥታ ቡሪ በሚባል ሰፈር ሰው ቤት ስትሠራ የወገቧ ዲስክ ተንሸራቶ፣ እኔ ነፍስ ሳውቅ ቀኑን የምትውለው ተኝታ ነበር። በብርዱ ወራት ጭልፊቶች ከላያችን ሲያንዣብቡ አይኗን ሳትነቅል ታያቸውና ያየችውን ትጠልፍ ነበር። ክኒኑ ሕመሙን ቢያስታግስላትም እጇን ስለሚያፈዘው፣ «መጀመሪያ ወፏ ክንፍ ታውጣ» እያለች ላብ በግንባሯ እየወረደ ታቆየው ነበር። ከዚያ ሁሉ ስቃይ ውስጥ እንዲያ ያለ ላባ እንዴት እንደሚወጣ ሳይ እፈራት ነበር፣ እውነቴን ነው።

ሙቀቱ መጥቶ የአሸዋው አውሎ ሲነሳ አልጋዋን ወደ ቤት እናስገባ ነበር፤ ያኔ ጠባይዋ አይጣል ነው፣ ጣሪያውን እያየች «ምኑን ልጥለፍ? ሚስማሩን?» ብላ እኔንና አባቴን ትነዘንዘን ነበር።

አንድ ዓመት ዝናቡ ገብቶ፣ ሱዳኖች «ሲምቢር» የሚሏቸው ጥቋቁር ረጃጅም ወፎች ከቤቱ ኋላ ውሃ የቋጠረው ባዶ ቦታ ላይ ሰፍረው ሳለ፣ የቤቱ ባለቤት ሐጃ ለሙሽራ ልጃቸው የአልጋ ልብስ ሊያዝዙ መጡ።

«ያ ዘይነብ፣ ማሻአላህ፣ እጅሽ ይባረክ! ግን ወፎችሽ ሁሉ ሆድ ብቻ ናቸው። ለልጄ ጀርባ ያላት ሲምቢር ጥለፊልኝ» አሉ።

ሐጃ ከሄዱ በኋላ እናቴ ለአባቴ «በጤናዬ ጊዜ ወፍ የማይበት ፋታ አልነበረኝም፤ ጀርባቸው ምን እንደሚመስል አላውቅም» አለችው፣ ቀጥላም «ጣሪያው ላይ አውጣኝ» አለች።

«አንቺ ሴት፣ ደረጃው ይገድልሻል!»

«አንዴ ብቻ። የላ፣ በል!»

አባቴ አቅፏት ሲወጣ ሻሿን ነክሳ ታቃስት ነበር፣ እኔም ትሞትብኛለች ብዬ ትራሷን ይዤ እያለቀስኩ ተከተልኳቸው። ጣሪያው ጫፍ ላይ በደረቷ አስተኝተናት ወደ ታች ስታይ፣ አንዷ ሲምቢር ከሥራችን ተነስታ ክንፏን ዘረጋች። ጥቁር ያልነው ጀርባዋ ፀሐይ ሲነካው አረንጓዴም ሐምራዊም ሆነ፣ ከወገቧ በታች ደግሞ ከመሬት ታይቶን የማያውቅ ንጣት ቦግ አለ።

«ሱብሃን አላህ! ይህን ሁሉ ጌጥ ተሸክማ ነው ስትመላለስ የኖረችው?» አለች እናቴ። ወፍ ከዶሮ የማይለየው አባቴ እንኳ አፉን ከፍቶ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ቀን መገላበጥ አቃታት፤ የአልጋ ልብሱ ግን ለሠርጉ ደረሰ።

ዛሬ እኔ የምኖረው ከፍ ያለ ፎቅ ላይ ነው። ወፎች በየቀኑ ከመስኮቴ በታች ጀርባቸውን እያሳዩኝ ያልፋሉ፣ እኔም ብዙውን ጊዜ ስልኬ ላይ አቀርቅሬ አላያቸውም። እናቴ ያየችው አንዴ ነው፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ እስክትሞት ግን የጠለፈቻቸው ወፎች ሁሉ ጀርባ ነበራቸው።