ያልተላከው በሬ

ቶኖታ መንደር ውስጥ የጉድጓድ ውሃ ፓምፕ እምቢ ሲል የሚጠራው ሺንጊራይ ነው። ከዚምባብዌ ድንበር ተሻግሮ መጥቶ ኦናሌናን አገባ፤ በእሷ ግቢ ዓመታት ኖረ። የሞተሩን ድምፅ ሰምቶ የቱ ላይ እንደተበላ ይናገራል፤ ሥራው ላይ ሐሜት የለበትም።

በሚስቱ በኩል ቋሚ ነዋሪነት ሊጠይቅ ቢሮ ሲሄድ፣ ጸሐፊው ፓስፖርቱን አገላበጠና፣ "ከዓመት በላይ ውጭ ነበርክ" አለው።

"ነበርኩ።"

"ውጭ መሆንህ ብቻውን አይጥልህም። ግን በዚያን ጊዜ ትዳሩ ጸንቶ እንደነበር የሰፈራችሁ አለቃ ይመስክሩልህ። ካልመሰከሩ እዚህ የኖርክበት ዓመት ቆጠራ እንደ አዲስ ይጀምራል፤ የሥራ ፈቃድህ ደግሞ አይጠብቅህም፣ ትወጣለህ።"

ሺንጊራይ አንገቱን ደፋ። የሄደው ለጥቂት ሳምንታት ብሎ ነበር፣ በአገሩ ቡላዋዮ ከአጎቱ ልጅ ጋር የፓምፕ ዕቃ መሸጫ ሊከፍት። ሱቁ ከሰረ። ባዶ እጄን ምን ብዬ እመለሳለሁ ሲል ወራት አለፉ፤ የኦናሌናን ስልክም ማንሳት ተወ። የአማቱን ሞት በመልእክት ሰማ። አማች ልቅሶ ቤት የሚታረድ ሳይነዳ አይገባም። የሚነዳው ስላልነበረው ራሱም ቀረ። በመጨረሻ ሲመለስ ኦናሌና በሩን ከፈተችለት፣ ገንፎ አቀረበችለት፣ ስለ ቀብሩ ግን ቃል አልተነፈሰችም። እሱም አልጠየቀም። ከዚያ ወዲህ ሰው የተሰበሰበበትን ሁሉ እየዞረ ያልፍ ነበር።

አሁን ግን መዞሪያ የለም። ባልና ሚስት ሸንጎው ፊት ቀረቡ። የሰፈሩ አለቃ ራ ሴባቶ ሸንጎው በሚሰየምበት የግንድ አጥር ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ወንዶቹም ከየቤታቸው ባመጡት አጭር ወንበር ላይ።

"ምን ያስቆምሃል? ተቀመጥ እንጂ" አሉት አለቃው።

"ወንበሩን ቡላዋዮ ረስቶት ይሆናል" አለ ሞጎሮሲ፣ የኦናሌና ታላቅ ወንድም። ሰዉ ሳቀ። ሺንጊራይ መሬት ላይ ተቀመጠ።

"ኦናሌና፣ ይህ ሰው ርቆ ሳለ ባልሽ ነበር?"

"ነበር፣ አባቴ።"

"በምን እንወቅ?"

ሞጎሮሲ ጉሮሮውን ጠረገ።

"እኔ ልናገር። ይሄን ሰውዬ ባገኘው ጥርሱን ነበር የማረግፍለት። እናቴ ሞታ አማች የለም። ለለቀስተኛው የተቀቀለውን ሥጋ እንደ ወጉ ስወቅጥ ያደርኩት እኔ፣ ክንዱ ያበጠው የእኔ። ግን በሬው መጣ። ኦናሌና፣ 'ከሺንጊራይ የተላከ ነው' አለችን። እንዲያ ያለ ጮማ እዚህ ከተቀመጡት አማቾች አንዱም ነድቶ አያውቅም። ምን ልበል? በላሁና አፌን ዘጋሁ።"

"አንተ ደግሞ የእኛን በሬ ምን አመጣህ?" አለ አንዱ አማች ከኋላ።

"ያመጣችሁት ፍየል ስለሆነ ነዋ።"

ራ ሴባቶም ሳቁ። "እኔም በልቻለሁ። መምጣት አቅቶት በሬ የላከ ሰው ቤቱን ጥሏል አይባልም። እውነት አይደለም፣ ሺንጊራይ?"

ሺንጊራይ በሬ አልላከም። ጥጃም አልላከም። ወደ ሚስቱ ዞረ፤ እሷ ሻሿን ታስተካክላለች። አይደለም ቢል እሷ በአገር ፊት ውሸታም ልትሆን ነው፣ እሱም ሊባረር።

"እውነት ነው፣ አባቴ" አለ። ድምፁ ውሃ ያጣ ቧንቧ እንደሚተፋው አየር ነበር።

አለቃው መሰከሩለት። ወንዶቹ እየተነሡ ጨበጡት፤ ሞጎሮሲም ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ሺንጊራይ መንገድ ላይ እስኪወጡ ጠበቀ።

"በሬውን ከየት አመጣሽው?"

"የእማዬ ነው።"

"የእናትሽ?"

"የቀራት እሱ ብቻ ነበር። ራቅ ያለ መንደር ለሰው በአደራ የሰጠችው ነው፤ ሞጎሮሲም አያውቀውም። ልትሞት ስትል፣ 'ያ ልጅ አፍሮ ነው የቀረው። በዚህ ቅበሩኝና ከእሱ የመጣ ነው በያቸው' አለችኝ።"

ሺንጊራይ ቆመ። "ለምን አልነገርሽኝም?"

"መቼ ጠየቅኸኝ?" ጥቂት ተራመደችና ሳትዞር፣ "እኔ ብሆን አላደርገውም ነበር። እሷ ናት" አለች።

ነዋሪነቱ ተፈቀደለት። ሰፈሩ ውስጥ ሰርግ ሲኖርና ሙሽራ ሲመከር ሞጎሮሲ ጣቱን ወደ ሺንጊራይ ይቀስራል። "አማች ማለት እሱ ነው። አገር ለቆ እንኳ በሬ ይልካል።" ሙሽራው አክብሮ እጅ ይነሳዋል። ሺንጊራይ የቀረበለትን ሥጋ ሳይነካ ከድንኳኑ ይወጣል። ኦናሌና ታየዋለች፣ ግን አትከተለውም።