ጉልበት ሳሚ ያልኳት ልጅ

ቦሌ አራብሳ፣ ከአንድ ኮንዶሚኒየም ሥር በተከፈተ የወጣቶች ድጋፍ ቢሮ ውስጥ በማኅበራዊ ሠራተኛነት ሥራ የጀመርኩ ዕለት አለቃዬ የፋይል ሳጥን ቁልፍና ምክር ሰጠኝ። "ትምህርት ቤት ያነበብከውን እርሳው። እዚህ ሥራችን ማስታረቅ ነው።"

አስታረቅሁ። ዓመቱ ሲያልቅ በዘጋኋቸው ፋይሎች ብዛት ተመሰገንኩ። ስንቶቹ ከልባቸው እንደታረቁ የጠየቀኝ የለም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ሐያትን ያመጣት ፖሊስ ነው። ዐሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር። ወላጆቿ ስለሞቱ ሾላ ገበያ ቅመም የምትሸጥ አክስቷ ዘንድ ትኖራለች። አንድ ቀን እፍኝ ሚጥሚጣ አክስቷ ዓይን ውስጥ በተነች። የሴትዮዋ ግራ ዓይን ቆስሎ አመረቀዘ።

እንደ ደንባችን ሦስት ሽማግሌዎች ጠራሁ። ሐያት የአክስቷን ጉልበት እንድትስም ተነገራት።

"እኔም የምለው አለኝ" አለች።

"ልጅ በሽማግሌ ፊት አይከራከርም። ጉልበት ሳሚ!" አልኳት። ይህን ያልኩት፣ ስለ ልጆች ሥነ ልቦና አንድ መደርደሪያ ሙሉ መጽሐፍ ያለኝ ሰውዬ ነኝ።

ሳመች። ሽማግሌዎቹ መረቁ። ፋይሉን ዘጋሁ። በሦስተኛው ቀን ልጅቷ ጠፋች።

ያገኟት የሥራ ባልደረባዬ እትዬ ጽጌ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ ነርስ። ሃያ ሁለት ሰፈር፣ አንድ ካፌ ጓሮ ብርጭቆ ታጥባለች። አብሬያቸው ሄድኩ። እትዬ ጽጌ ስለ ይቅርታ ትንፍሽ አላሉም።

"እጅጌሽ ራሰ እኮ፤ ምነው አትሰበስቢው?"

"ይራስ።"

"ብዙ ክንድ አይቻለሁ፣ ልጄ። አልደነግጥም።"

ሰበሰበችው። ከክርኗ በላይ የካውያ ጫፍ የተወው ጠባሳ፣ አራት ቦታ። አንደኛው ገና አልደረቀም።

"አክስትሽ ናት?" አልኳት።

"ያን ቀን ነበር መጠየቅ፣ ጋሼ።"

እትዬ ጽጌ እጇን ያዟት። "የተደረገብሽ ጥፋትሽ አይደለም። ያደረግሽው ግን ያንቺ ነው። ሁለቱንም አንጥልም።"

ማረፊያ ፈለግንላት። ለፖሊስ ቃሏን ሰጠች፤ አክስቷም ተከሰሰች፤ በዋስ ወጣች። ከወር በኋላ ሐያት ራሷ መጣች። "አክስቴ ዓይን ክሊኒክ የሚወስዳት ሰው የላትም አሉ። እኔ እወስዳታለሁ። ጉልበት ግን አልስምም።"

"ማን ሳሚ አለሽ?" አሉ እትዬ ጽጌ፤ እኔን እያዩ።

በየሳምንቱ ሦስት ሆነን ሄድን፤ ሐያት፣ አክስቷና በመካከላቸው እኔ። አክስትየው ታክሲ ውስጥ "ከይሲ" እያለች ትሰድባታለች። ሐያት ወረፋ ትይዛለች፣ ካርድ ታወጣለች። በመጨረሻ ሐኪሙ ዓይኑ እንደማይመለስ ነገረን።

ሐያት ኮሪደሩ ላይ ቆመች። "ዓይንሽን ያጠፋሁት እኔ ነኝ" አለች። ቀጥላም "ካውያውስ?" ብላ ጠየቀች።

አክስቷ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ደረጃው ሄደች።

አልታረቁም። ሐያት ማታ ማታ ትማራለች፤ አንዳንዴ ያለፈው ይነሣባትና ለቀናት ሰው አታናግርም።

ከዚህ ሥራ የተረፈኝ ትምህርት ይህ ነው፤ መጀመሪያ በልጁ ላይ የደረሰውን በደል መስማት፣ ቀጥሎ ጥፋቱን መጠየቅ። እርቅ ከዚያ በኋላ ይመጣል፤ ላይመጣም ይችላል።